ድራይቨሩ አርጅቷል

ጉሙ ከጣርማ በር ሌሊቱን ተንዶ፣
እንደ ግብር ሰብሳቢ ከበር ከበር ሄዶ፣
የጌም ቤቴን መስኮት ይዳስሳል ማልዶ።

ደብረ ሲና፣ ሐምሌ። ሦስት ኮምፒውተር አለኝ፤
ሁለቱ ደህና ናቸው፤ አንዱ ነው የገደለኝ።

«ይጎተታል» ይላል ያፌት፣ የቆሎ ነጋዴዋ ልጅ፣
«ዛሬ የመታኋት ኳስ የምትገባው ነገ ነው እንጅ!»
እውነቱን ነው። በሰከንድ አሥራ አራት ሥዕል፤
አጥቂው እንደ ሐውልት ቆሞ፣ ድንገት ደግሞ ሲዘል።
አሥር ብር የከፈለበት ሰዓት ዓይኑ ሥር ሲቀልጥ፣
ከንፈሩን ነክሶ ያያል፣ ተጫዋቹ ሲንቀጠቀጥ።

ደወልኩ ለምናሉ፣ ደብረ ብርሃን፣ ካርዱን ለሸጠልኝ።
«ሙቀቱስ?» «ደህና።» «ፋኑስ?» «ይዞራል።» «እንግዲያ አድምጠኝ…»
መስመሩ ስለሚቆራረጥ እየጮህኩ ደገምኩለት፦
«ድራይቨሩ አርጅቷል! ከሥሩ ነቅዬ ልጣለው? አዲስ ልተካበት?»

ይህን ሰማ አባቴ፣ ከመጋረጃው ማዶ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት አይሱዙ ነድቶ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ ወርዶ፣
መንጃ ፈቃዱን አምና ያስረከበ፣ ሞራ አንድ ዓይኑን ጋርዶ።

እራት ላይ ቃል አልወጣውም። ሽሮው ቀዘቀዘ።
እናቴ በዓይኗ ወጋችኝ፤ እጄ እንጀራው ላይ ፈዘዘ።

ሌሊት፣ ኔትወርኩ ሲያገግም፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲተኛ፣
ማውረዱን ጀመርኩ፤ ሰባት መቶ ሜጋ፤
ከመቶ ሦስት፣ ከመቶ አራት፣ አቀበት እንደያዘ እግረኛ።
ሲነጋጋ አሮጌውን ነቀልሁ፣ አዲሱን ተከልሁ፤
አጠፋሁ፣ አበራሁ።
ጥቁር።
ጠበቅሁ። ጥቁር። መስታወቱ ላይ የራሴን ፊት አየሁ።

ምናሉ በስልክ ሳቀ፦ «ምን ሆነህ ነው የመጨረሻውን ያወረድከው?
ያንተን ካርድ ከመዝገቡ ፍቀውታል፤ አዲሱ በምን ይወቀው?
አሮጌው ምንም አላጠፋ፤ ተበላሽቶ ነው የተጫነው፤
ያንኑ ራሱን ፈልገህ፣ በንጹሕ መልሰህ ጫነው።»

«አሮጌው ማነው?» አለ አንድ ድምፅ።
አባቴ፣ ካፖርቱን ደርቦ፣ ከኋላዬ ቆሟል።
«ካርዱን የሚነዳው ነው አባዬ። ሰው አይደለም፤ ጽሑፍ ነው፤
ማሽኑ ያሰበውን ለካርዱ የሚነግረው።»
«አዲሱስ?»
«አዲሱ መንገዱን አያውቀውም።»
ወንበር ሳበ። ፈገግ አላለም።
ግን ተቀመጠ።

ለሙከራ የጭነት መኪናውን ጨዋታ ከፈትኩ።
ሃያ ዘጠኝ። ይሻላል፤ ግን ኩርባው ላይ ያነክሳል።
«ያ ከወዲያ ያለው ምንድን ነው?» «ተራራ።» «ትደርስበታለህ?»
«አልደርስም።» «ታዲያ ይህ ምስኪን ለምን ይሸከመዋል?
እኔ በክረምት ጉም አምስት ሜትር እያየሁ ነው የወረድኩት፤
ተራራው እዚያው እንዳለ አውቃለሁ፤ አንድም ቀን አልጫንኩት።
ጭነት ቀንስ። ማርሽ አውርድ።»

ርቀቱን አሳጠርኩ። የውሃውን ነጸብራቅ አጠፋሁ፤
የሣሩን ውዝዋዜ፣ የዛፉን ቅጠል ከ«ከፍተኛ» ወደ «ዝቅተኛ» አወረድሁ።
«አሁን ጥላውን።»
«ጥላውንም?» አለ፣ አጥላባቸው የተባለ ሰው።
«ጥላውንም።»

አርባ አንድ።
ሃምሳ ሁለት።
ሃምሳ ስምንት ላይ ረጋ፤
መንገዱ እንደ ቅቤ ፈሰሰ፣ መስኮቱም እየነጋ።

ቁልፎቹን አሳየሁት፤ ይህ ነዳጅ፣ ይህ ፍሬን፣ ይህ መሪ።
በሁለት ጣቱ ያዛቸው፣ ትኩስ ድንች እንደሚፈራ አዳሪ።
የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ከአጥር ጋር ተላተመ፤
ሁለተኛው ላይ አለፈ፤ ሦስተኛው ላይ ትከሻው አብሮት ዘመመ።
ደህናው ዓይኑ ወደ መስታወቱ፣ ምላሱ ከጥርሱ መሐል፣
ከጠረጴዛው ሥር ቀኝ እግሩ
ሲሚንቶውን ይረግጣል፣ ይረግጣል።

ያፌት በሩን ገፍቶ ገባ፣ አሥር ብሩን አጣጥፎ።
«ጋሼ፣ ተስተካከለ እንዴ? ጋሼ፣ ስንት ሰዓት…»
አባቴ ዞርም አላለ።
«ልጄ፣ ቁልቁለት ላይ ነኝ።
ሾፌር ማነጋገር ክልክል ነው።»